የአንጎል ትርታ

(ድምፅ፦ የቀፊራ ገበያ ሁካታ፣ የባጃጅ ጥሩምባ። ቀስ እያለ ይቀንሳል።)

ተራኪ፦ ድሬዳዋ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። የአወዳይ ጫት ከገባ ቆይቷል፤ በየቤቱ በርጫው ደርቷል። ከጥላ ሥር አራስ እናቶች የሕፃናቱን አናት ቅቤ ይቀባሉ። ጣታቸው እርግብግቢቱ ላይ ሲደርስ ይጠነቀቃሉ፤ እዚያ ቦታ አናቱ ብድግ ዝቅ ይላል።

ከዚያ ስስ ቆዳ ሥር ያለው አንጎል ነው። ልብ ደም በረጨ ቁጥር የአንጎል ደም ቅዳ ሥሮች ይነፋሉ፤ አንጎልም አብሯቸው ይነሳል። ሕፃኑ ዓመት ተኩል ገደማ ሲሞላው አጥንቱ ይገጥማል። ትርታው ዕድሜ ልክ ይቀጥላል፤ የሚያየው ግን አይኖርም።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጣሊያናዊው ሐኪም አንጄሎ ሞሶ ይህን ትርታ በአዋቂ ሰው ላይ የማየት ዕድል ገጥሞት ነበር። በርቲኖ የተባለ ገበሬ በደረሰበት አደጋ ራስ ቅሉ ተሰብሮ ክፍት ቦታ ቀርቶበታል። ሞሶ በዚያ በኩል የአንጎሉን ምት ይመዘግብ ጀመር። አንድ ቀን የቤተ ክርስቲያን ደወል ሲደወል፣ ገበሬው ሳይንቀሳቀስና ሳይናገር፣ ምቱ ከፍ አለ። ደወሉ ጸሎት አስታውሶት እንደሆነ ሲጠይቀውም እንደገና ከፍ አለ። እንዲህ ያለ ነገር ለማየት ግን የተሰበረ ጭንቅላት መጠበቅ ነበረበት።

(ድምፅ፦ የኤም አር አይ ማሽን ኳኳታ፣ አምስት ሰከንድ።)

ተራኪ፦ አሁን መጠበቅ ቀርቷል። ይህ የምትሰሙት ኳኳታ የኤም አር አይ ማሽን ነው። እንደ ራጅ ጨረር አይጠቀምም። በሰውነታችን ውኃ ውስጥ ያሉትን የሃይድሮጅን አቶሞች በኃይለኛ ማግኔት ያሰልፋል፤ በሬዲዮ ሞገድ ይቀሰቅሳቸዋል፤ የሚመልሱትን ምልክት ተቀብሎ ሥዕል ይሠራል። የማግኔቱ ኃይል 3 ቴስላ የሆነ ማሽን የሚሠራበት ሞገድ 128 ሜጋኸርዝ ገደማ ነው፤ ከኤፍ ኤም ጣቢያዎች ብዙም አይርቅም። የእኛ የሬዲዮ ሰዎች የሥጋ ዘመድ ልንለው እንችላለን።

ሥዕል በሚነሳበት ጊዜ የሚንቀሳቀስ ነገር ሥዕሉን ያደበዝዛል። የትርታ ተመራማሪዎች የሚፈልጉት ግን ያንኑ እንቅስቃሴ ነው። የልብ ምት መለኪያ በሚመረመረው ሰው ጣት ላይ ያደርጋሉ፤ እያንዳንዱ ሥዕል በየትኛው የልብ ምት ቅጽበት እንደተነሳ ይመዘግባሉ፤ ከብዙ ምቶች የተሰበሰበውን በቅደም ተከተል ደርድረው ተንቀሳቃሽ ምስል ያደርጉታል። አንጎል የሚነቃነቀው ከአንድ ሚሊ ሜትር ጥቂት ክፋይ ብቻ በመሆኑ፣ ሳማንታ ሆልድስዎርዝና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2016 እንቅስቃሴውን በኮምፒውተር አጉልቶ የሚያሳይ ዘዴ ይፋ አደረጉ። በምስሉ አንጎል ወደ ታች፣ ወደ አንገት በኩል ሲገፋና ሲመለስ ይታያል። ራስ ቅል አይለጠጥም፤ የገባው ደም ቦታ ስለሚሻ በአንጎል ዙሪያ ያለው ፈሳሽ ወደ ህብለ ሰረሰር ይሸሻል።

በፊንላንድ የኦሉ ከተማ ተመራማሪው ቬሳ ኪቪኒየሚና ቡድኑ ደግሞ መላውን አንጎል በሰከንድ አሥር ጊዜ አነሱት። ሦስት ምት አገኙ፦ የልብ፣ የትንፋሽ፣ ሦስተኛው የአንጎል ደም ሥሮች የራሳቸው አዝጋሚ መጥበብና መስፋት። ይህ ትርታ አንጎልን ከቆሻሻ የሚያጥበውን ፈሳሽ ይገፋል የሚለው ሐሳብ በአይጦች ላይ ጥሩ ማስረጃ አለው፤ በሰው ላይ ክርክሩ ገና አልተቋጨም።

(ድምፅ፦ የልብ ምት። እየፈጠነ ይሄዳል።)

ተራኪ፦ ይህ ድሬ ለተቀመጠ ሰው ምኑ ነው? ብዙ ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብ ምትን ያፈጥናል፤ የደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል። ጤነኛ ትልቅ ደም ቅዳ ሥር ይለጠጥና የልብን ግፊት ያለዝበዋል። ዕድሜና የቆየ ደም ግፊት ሲያደርቁት ግን ሞላው እንደሞተ ባጃጅ ነው፤ ምቱን ሁሉ ሳያበርድ እንዳለ ወደ አንጎል ያደርሳል። እዚያ የሚቀበሉት ፀጉር የሚያካክሉ ሥሮች ናቸው። ስትሮክም፣ የማስታወስ ችሎታ መዳከምም በእነዚህ ሥሮች ላይ ያደባሉ። ደም ግፊት ደግሞ ብዙውን ጊዜ አያምም። ሰውዬው በርጫው ላይ እየተጫወተ፣ እየሳቀ ሥሮቹ ይጎዳሉ።

የአገራችን የኤም አር አይ ማሽኖች በብዛት ያሉት አዲስ አበባ ነው፤ ከድሬ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። የትርታው ምርምርም የሐኪም የዕለት ሥራ አልሆነም። የግፊት መለኪያ ግን ጤና ጣቢያ ይገኛል። አድማጮቻችን፣ ከበርጫው በፊት ሂዱና ተለኩ። ከቡናና ከሲጋራ ግማሽ ሰዓት ራቁ፤ አምስት ደቂቃ አርፋችሁ ተቀመጡ፤ ክንዳችሁን በልባችሁ ትይዩ አሳርፉ። 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ በሌላ ቀን ድገሙትና ሐኪም አማክሩ። መድኃኒት የታዘዘላችሁም፣ ደህና ነኝ ብላችሁ አታቋርጡ።