ለጨዋታ የተሠራ፣ ለሬዲዮ የዋለ

በየከተማው ባሉ የፕሌይስቴሽን ቤቶች ወጣቶች ሲጫኑት የሚውሉት ጆይስቲክ፣ የጀርባ ብሎኖቹ ተፈትተው ሲከፈት ውስጡ እምብዛም የተወሳሰበ አይደለም። አንዲት ትንሽ ሰርኪት፣ ጥቂት የጎማ ቁልፎች፣ በእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ደግሞ ሳይነካኩ ጎን ለጎን የተሰመሩ ሁለት የመዳብ መስመሮች አሉ። ጣት ሲጫን ከጎማው ሥር ያለው ጥቁር ካርቦን መስመሮቹን ያገናኛል፤ ሰርኪቷም «ሦስተኛው ቁልፍ ተጫነ» ስትል ለኮምፒውተሩ ታሳውቃለች። መስመሮቹን ያገናኛቸው የተጫዋች ጣት ይሁን ከሌላ ዕቃ መጥቶ የተበየደ ሽቦ እሷ አትለይም። በትንሽ በጀት የሚሠሩ የሬዲዮ ጣቢያዎች ቴክኒሺያኖች ዓይናቸውን የጣሉት በዚህ ባሕርይዋ ላይ ነው።

የሬዲዮ ጣቢያ ዕቃዎች እርስ በርስ ከሚግባቡባቸው መንገዶች ሁሉ ቀላሉ የሁለት ሽቦዎች መነካካት ነው። አንዱ ዕቃ ውስጥ ያለች ሪሌ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የምትሠራ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ትገጥማለች፣ ወይም ትለያለች፤ ሌላው ዕቃ ይህን አይቶ ሥራውን ይጀምራል። በሽቦው ላይ ድምፅ አይላክም፣ ጽሑፍም አይላክም። አዘጋጁ በሚክሰሩ ላይ የድምፅ መቆጣጠሪያውን ወደ ላይ ሲገፋ ሙዚቃው በዚያችው ቅጽበት ይነሣል። ማይክሮፎን ሲከፈት ከስቱዲዮው በር በላይ ያለው ቀይ መብራት ይበራል። የማሠራጫው ኃይል ሲወርድ፣ መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር ሲነሣ፣ የማሠራጫው ክፍል በር ሲከፈት፣ ሁሉም በዚሁ ዘዴ ሊነገሩ ይችላሉ።

ትልቁ ጥቅሙ ግን ከማዕከል የሚመጣ ፕሮግራም ላይ ይታያል። አንድ የአካባቢ ጣቢያ ከአዲስ አበባ ወይም ከአዳማ ዜና ተቀብሎ ሲያስተላልፍ፣ በመሀል የራሱን ማስታወቂያ የሚያስገባባት ክፍተት ትሰጠዋለች እንበል። ኮምፒውተሩ ሰዓት ብቻ እያየ የሚሠራ ከሆነ፣ ዜናው 20 ሰከንድ የዘገየ ቀን ማስታወቂያው የአንባቢውን ቃል አቋርጦ ይገባል። በውጭ አገር ኔትወርኮች ይህን ችግር ለማስወገድ ቀድሞ በቴፕ ዘመን አድማጭ የማያስተውለው የ25 ኸርዝ ድምፅ በፕሮግራሙ ውስጥ ይቀበር ነበር። በኋላ የሳተላይት መቀበያዎች ራሳቸው ሪሌ ይዘው መጡ። ማዕከሉ «አሁን» ሲል መቀበያው ውስጥ ያለችው ሪሌ ትገጥማለች፤ የጣቢያው ኮምፒውተርም ማስታወቂያውን ይለቃል።

ባሌን የመሰለ አገር ይህን ዓይነት ዘዴ የሚፈልግበት ምክንያት መልክአ ምድሩ ነው። ሮቤ ለሬዲዮ እንግዳ አይደለችም፤ ስሟ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የመካከለኛ ሞገድ ማሠራጫዎች ዝርዝር ውስጥ የገባ ከተማ ናት። ጎባ ከእሷ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። ከጎባ በስተደቡብ ያለው መንገድ ግን ሽቅብ ወጥቶ ወደ 4,000 ሜትር ከፍታ ባለው የሰነቴ አምባ ላይ ይዘረጋል። ከአምባው በላይ 4,377 ሜትር የሚደርሰው ቱሉ ዲምቱ አለ፤ ጫፉ ላይ የመገናኛ አንቴናዎች ተተክለዋል። የኤፍኤም ሞገድ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ተራራ ያግደዋል። ስለዚህ ማሠራጫ ከፍታ ይፈልጋል፤ ሰውና ስቱዲዮ ደግሞ ዝቅ ብለው ይኖራሉ። በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ በጭጋግና በዝናብ እየተመላለሱ «ጄኔሬተሩ ተነሥቷል?» ብሎ መጠየቅ አድካሚ ነው። በከፍታው ላይ አንድ ኮምፒውተርና የመረጃ መስመር ካለ ግን ያን ጥያቄ ሁለት ሽቦዎች ይመልሱታል።

ለዚሁ ሥራ ተብለው የተሠሩ የብሮድካስት ሳጥኖች አሉ፤ ጥሩ ናቸው፣ ብዙዎቹ ግን በመቶዎች በሚቆጠር ዶላር ይሸጣሉ። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ የዶላር ምንዛሪ ከእጥፍ በላይ ስላደገ፣ ያው ሳጥን በብር ሲታሰብ ይበልጥ ርቋል። በብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533/1999 ከሕዝብና ከንግድ ሬዲዮ ጎን ለጎን ሕጋዊ ቦታ ያገኘው የማኅበረሰብ ሬዲዮ ትርፍ የማያይ ተቋም ነው። እንዲህ ላለው ጣቢያ በሳጥኑና በጆይስቲኩ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት የመሥራትና ያለመሥራት ልዩነት ነው።

የጆይስቲኩ ዘዴ አዲስ አይደለም። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1981 የመጀመሪያውን የግል ኮምፒውተሩን ሲያወጣ፣ ለጆይስቲክ ማገናኛ የሚሆን ካርድ አብሮ ለገበያ አቅርቦ ነበር። አሥራ አምስት ቀዳዳ ያለው ይህ ማገናኛ አራት የቁልፍ መስመሮችና አራት የእንቅስቃሴ መስመሮች ነበሩት። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው ሳውንድ ብላስተር የድምፅ ካርድ ማገናኛውን በራሱ ላይ ጨመረው፤ ሌሎች ካርድ ሠሪዎችም ተከተሉት። ሙዚቃ የሚያጫውት የጣቢያ ኮምፒውተር ደግሞ ያለ ድምፅ ካርድ አይሠራም። በዚህም የተነሣ በብዙ ስቱዲዮዎች ኮምፒውተር ጀርባ ላይ ማንም ያልነካቸው አራት መግቢያዎች ያለ ምንም ተጨማሪ ወጪ ተቀምጠው ነበር። የእንቅስቃሴ መስመሮቹም እስከ 100 ኪሎ ኦም የሚደርስ ሬዚስተር ስለሚለኩ፣ ሙቀት ሲለዋወጥ መጠኑ የሚለዋወጥ ሬዚስተር ቢገጠምባቸው የማሠራጫ ክፍሉን ሙቀት እስከ መከታተል ይደርሳሉ።

እ.ኤ.አ. በ2007 ዊንዶውስ ቪስታ ያንን የድሮ ማገናኛ ሲተወው ቦታውን ዩኤስቢ ይዞ ነበር። ነገሩም ይበልጥ ቀለለ። የዩኤስቢ ጆይስቲክ ሲሰካ ኮምፒውተሩ ያለ ተጨማሪ ሶፍትዌር ያውቀዋል፤ የዊንዶውስ የቆየ የጆይስቲክ አሠራር እስከ 32 ቁልፎች ይቀበላል። የጨዋታ ማሽን በቤታቸው ለሚሠሩ ሰዎች የሚሸጡ፣ እጀታ የሌላቸው ባዶ ሰርኪቶችም አሉ። ከእነሱ መካከል «ዜሮ ዲሌይ» ተብለው የሚታወቁት አሥራ ሁለት የቁልፍ መግቢያ ይዘው በጥቂት ዶላር ይገኛሉ። ሽቦው በማገናኛ ስለሚሰካ መበየጃ እንኳ ላያስፈልግ ይችላል።

ለምን ርካሽ ኪቦርድ ተፈትቶ አይሠራም? ይሠራል፤ ግን አደገኛ ነው። ኪቦርድ የሚናገረው ፊት ለፊት ለተከፈተው መስኮት ብቻ ነው። አዘጋጇ ዜና እየጻፈች ሳለ ሪሌዋ ብትገጥም፣ ማስታወቂያው በመነሣት ፈንታ ዜናው መሀል አንዲት ባዕድ ፊደል ትገባለች። ጆይስቲክን ግን ፕሮግራሙ ከጀርባ ሆኖም ሊያነበው ይችላል። ጆይስቲክን ወደ ኪቦርድ የሚቀይሩ እንደ ጆይቱኪ ያሉ ፕሮግራሞችን የሚጠቀም ሰውም ይህንኑ ማስታወስ አለበት፤ የሸሸው ችግር በዚያ በኩል ተመልሶ ይመጣበታል። ጆይስቲኩን በቀጥታ የሚያነብ ሶፍትዌር መምረጥ ይሻላል። ትእዛዙን ማደራጀት እምብዛም አያስቸግርም። ለምሳሌ በሊኑክስ ላይ የሚሠራው ነፃ የሬዲዮ ሶፍትዌር ሪቨንዴል ለአንድ መስመር ሲገጥም አንድ፣ ሲለያይ ሌላ ትእዛዝ መመደብ ያስችላል።

ጥንቃቄ የሚያሻው ቦታ ሽቦው ነው። የጆይስቲክ መግቢያ የሚቀበለው ምንም ቮልት የሌለበትን መነካካት ብቻ ነው። ከጄኔሬተር ባትሪ የመጣ 12 ቮልት በቀጥታ ቢገባበት ሰርኪቷን ያቃጥላል፤ ኮምፒውተሩንም ይዞት ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ በመካከል ሪሌ ወይም ኦፕቶከፕለር ይገባል። ኦፕቶከፕለር በአንድ ጎኑ ትንሽ መብራት፣ በሌላው ያን መብራት የሚያይ ትራንዚስተር ያለው ዕቃ ነው፤ ሁለቱን ወገን ብርሃን እንጂ መዳብ አያገናኛቸውም። በየኤሌክትሮኒክስ ጥገናው የሚታወቀው ፒሲ 817 እስከ 5,000 ቮልት የሚደርስ ልዩነት እንዲለይ የተሠራ ነው። በደጋ ላይ ረጅም ሽቦ ለሚዘረጋ ሰው ይህ መለያ ግዴታ ሊሆን ይገባል፤ በቀጥታ ከሚመታ መብረቅ ግን አያድንም። ለዚያ የመሬት ሽቦና የመብረቅ መከላከያ ለብቻው ይተከላል።

ሌሎች ሁለት ጠንቆች ከብረቱና ከፋብሪካው ይመጣሉ። ሪሌ ስትገጥም ብረቷ ለጥቂት ሚሊሰከንድ ይነጥራል፤ ፕሮግራሙ ይህን ካላጣራ አንዱን መግጠም ሁለት ሦስት አድርጎ ቆጥሮ ማስታወቂያ ሊደግም ይችላል። ርካሾቹ ሰርኪቶች ደግሞ የየራሳቸው መለያ ቁጥር የላቸውም። ሁለት ተመሳሳይ ሰርኪት በአንድ ኮምፒውተር ላይ ቢሰካ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ የመጀመሪያው ሁለተኛ ሆኖ ሊነሣ፣ የበሩ ምልክትም የጄኔሬተሩን ቦታ ሊይዝ ይችላል። በሊኑክስ ሰርኪቱን በተሰካበት የዩኤስቢ ቀዳዳ መለየት ይቻላል። ከዚያ የሚቀለው ግን ሥራውን ሁሉ በአንዱ ሰርኪት አሥራ ሁለት መግቢያዎች መጨረስ ነው።

ይህ ሰርኪት የሚሰማ እንጂ የሚያዝ አይደለም፤ ቀይ መብራት ማብራትም ጄኔሬተር ማስነሣትም አይችልም። መስማትንም ማዘዝንም የሚፈልግ ጣቢያ ኤቲሜጋ 32ዩ4 ቺፕ ወዳላት፣ አርዱዊኖ ሊዮናርዶ ወደምትባል የሰርኪት ሰሌዳ መሻገር ይችላል። እሷ በጥቂት መስመር ፕሮግራም ራሷን ለኮምፒውተሩ ጆይስቲክ አድርጋ ታቀርባለች፤ በሌሎች እግሮቿ ደግሞ የሪሌ ሰሌዳ ታንቀሳቅሳለች። የነጠረውን ብረት ማጣራቱም እዚያው በእሷ ላይ ያልቃል።