ላክስተን፦ ድንበር የገፋ እስከ ዛሬ በጎረቤቶቹ የሚዳኝበት የእንግሊዝ መንደር

እንግሊዝ አገር ሲባል ብዙዎቻችሁ የምታስቡት ለንደንን፣ የንጉሡን ቤተ መንግሥትና ቀዩን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ይሆናል። ዘመድ ለመጠየቅም ሆነ ለጉብኝት ወደዚያ የምትሄዱ ካላችሁ ግን፣ ከከተማው ወጥታችሁ አንድ የገጠር መንደር እንድታዩ እመክራለሁ። ከተቻለም በአገር ቤት አርሰው ያደሩ አባቶችና እናቶች አብረው ቢሄዱ መልካም ነው። እዚያ ከልጆቻቸው ይልቅ የሚገባቸው እነርሱ ናቸውና።

መንደሩ ላክስተን ይባላል። የሚገኘው በመካከለኛው እንግሊዝ በኖቲንግሃምሻየር ነው። ከለንደን ኪንግስ ክሮስ ጣቢያ በባቡር ተነስታችሁ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ከተጓዛችሁ በኋላ ኒውአርክ ላይ ትወርዳላችሁ። ከዚያ በመኪና ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። አውቶቡስ እንደ ልብ አይገኝም።

ስትደርሱ የምታዩት በቀይ ጡብ የተሠሩ ቤቶች፣ አንድ የቆየ ቤተ ክርስቲያንና አንድ መጠጥ ቤት ነው። ማንም ቱሪስት በመኪና አልፎት ሊሄድ ይችላል። ገበሬ ግን ቆም ብሎ «እነዚህ ቤቶች ለምን በአንድ መንገድ ዳር ተደረደሩ? ለምን እያንዳንዱ በእርሻው መካከል አልተሠራም?» ብሎ ይጠይቃል። የመንደሩ ምሥጢርም ያለው እዚህ ላይ ነው። የላክስተን ገበሬ መሬቱ በአንድ ቦታ አይደለም። መንደሩን የከበቡት ሦስት ሰፋፊ ማሳዎች አሉ፤ ስማቸውም የምዕራብ ማሳ፣ የደቡብ ማሳና የወፍጮ ማሳ ነው። እያንዳንዱ ማሳ ረዣዥምና ጠባብ በሆኑ ቁራጭ መሬቶች የተከፈለ ሲሆን፣ አንዱ ገበሬ ከሦስቱም ውስጥ እዚህም እዚያም ድርሻ አለው። ለሙ መሬት ለአንዱ፣ ጭንጫው ለሌላው ብቻ እንዳይደርስ ያደረገው ይህ አከፋፈል ነው። በቁራጮቹ መካከል አጥር የለም።

አዘራሩም በዙር ነው። አንዱ ማሳ በመከር ስንዴ ይዘራበታል፣ ሁለተኛው በጸደይ ገብስ ወይም ባቄላ የመሳሰለውን ይቀበላል፣ ሦስተኛው ጾሙን ያድራል። በሚቀጥለው ዓመት ተራው ይለወጣል። ታዲያ ይህንን ለጎንደር ወይም ለትግራይ ገበሬ ማን ያስረዳዋል? መሬት ማሳረፍን፣ የወል ግጦሽን፣ የድንበር ጠብን ከማንም በላይ ያውቃል። በሥራዬ ምክንያት ከአንዳንድ ቤት ስገባ፣ ልጆች «አባቴ ከእርሻ በቀር ምንም አያውቅም» ሲሉ እሰማለሁ። ይህችን «ምንም» የምትባለውን ዕውቀት እንግሊዞች በላክስተን እንደ ቅርስ ይጠብቋታል፤ የዩኒቨርሲቲ ሰዎችም መጥተው ያጠኗታል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ፍርድ ቤቱ ነው። በየዓመቱ በኖቬምበር መጨረሻ ከገበሬዎቹ መካከል የተመረጡ ዳኞች ስንዴ የተዘራበትን ማሳ እየዞሩ ይመረምራሉ። የጋራ መንገዱን ያረሰ፣ ወደ ሣሩ መሬት የገፋ ካለ ይጽፉታል፤ ወሰኑንም በችካል ያሳያሉ። በሚቀጥለው ሳምንት በመጠጥ ቤቱ ውስጥ ችሎት ተቀምጦ ጥፋተኛው ይቀጣል። ቅጣቱ ጥቂት ፓውንድ ነው፤ ኀፍረቱ ግን ይበልጣል። ማሳው ውስጥ ለማረሻ ያልተመቹ የሣር ቦታዎችም አሉ፤ የእነዚህ ድርቆሽ በጨረታ ይሸጣል። ከብት ሰው እርሻ ገብቶ ሲገኝ የሚያስርና በረት የሚያስገባ ሹምም አለ። ጭቃ ሹምን ለሚያውቅ ሰው ይህ ሁሉ እንግዳ አይሆንበትም።

እንዲህ ያለው አስተራረስ ቀድሞ በመካከለኛው እንግሊዝ የተለመደ ነበር። በኋላ ባለ ርስቶቹ መሬቱን እየጠቀለሉ ማጠር ጀመሩ። ከ1604 እስከ 1914 የእንግሊዝ ፓርላማ ከ5,200 በላይ የማጠሪያ ሕጎችን አውጥቷል፤ በእነዚህ ሕጎች የታጠረው መሬት ከእንግሊዝ ስፋት አንድ አምስተኛውን ያልፋል። ላሙን በወል ግጦሽ ያሰማራ የነበረ ድሃ መብቱን አጣ፤ ብዙውም ወደ ከተማ ተሰደደ። ላክስተን የተረፈችው ሁለቱ ታላላቅ ባለ ርስቶች መስማማት አቅቷቸው ነው ይባላል። አንዳንድ ጊዜ የጌቶች ጠብ ለአራሹ ይበጃል!

የላክስተን ገበሬዎች ዛሬም ባለ ርስት አይደሉም፤ መሬቱን የሚያርሱት በኪራይ ነው። ርስቱ በ1952 ከአንድ መኳንንት ቤተሰብ ወደ መንግሥት ተዛወረ፣ በ1981 የዘውዱን ንብረት የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ወሰደው፣ በ2020 ደግሞ ለዚያው ለመኳንንቱ ወገን ርስት ለቶርስቢ ተሸጠ። ከእኛ ወገን ብዙው ርስት አልባ ሆኖ የሰው መሬት ሲያርስ የኖረ ስለሆነ፣ ይህን ማንበብ ልብ ይነካል። ችሎቱና ሦስቱ ማሳዎች ግን ከሽያጩ በኋላም ቀጥለዋል። በ1635 ማርክ ፒርስ የተባለ ቀያሽ መንደሩን ቁራጭ በቁራጭ የሣለበት ካርታም በኦክስፎርድ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል።

በእግር መሄድ ለምትወዱ አንድ ነገር ልጨምር። በእንግሊዝ ሕግ የሕዝብ የእግር መንገድ የሚባል አለ፤ መንገዱ በሰው እርሻ መካከል ቢያልፍም መሄድ መብታችሁ ነው፣ ባለቤቱም ሊከለክላችሁ አይችልም። ቢጫ ቀስት ስታዩ የእግረኛ፣ ሰማያዊ ከሆነ ለፈረስም የተፈቀደ ማለት ነው። በሩን እንዳገኛችሁት ትታችሁ እለፉ። በዚሁ መንገድ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተሰሜን ወዳለው የኖርማኖች ምሽግ ትደርሳላችሁ። ድንጋዩ የለም፤ የቀረው ታላቅ የአፈር ጉብታ ነው። የሮቢን ሁድ ተረት የሚነገርበትን የሸርውድ ደን የሚጠብቁ ሹሞች መቀመጫ እንደነበረ ለልጆች ብትነግሯቸው ወደ ላይ እየሮጡ ይወጣሉ።

ከላክስተን በስተደቡብ ሳውዝዌል የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እዚያ በ1824 የተሠራ የድሆች ማስጠጊያ ቤት ለጎብኚዎች ክፍት ሆኗል። ያቋቋሙት ጆን ቢቸር የተባሉ ቄስ ናቸው። ሐሳባቸው ለድሃው ምግብና መጠለያ ይሰጠው፣ ኑሮው ግን የመረረ ይሁን፤ ከዚያ በጣም የቸገረው ብቻ ይመጣል የሚል ነበር። ባልና ሚስት ይለያያሉ፣ ልጆችም ከወላጆቻቸው ተነጥለው ይኖራሉ፤ ግቢውም ደረጃውም የተለያየ ነው። በ1834 ይህ አሠራር በአገሪቱ ሕግ ሆኖ ተስፋፋ። እኔ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ስለሆንኩ በዚህ ቤት ላይ ሐሳቤን አልደብቅም፤ ርዳታ እየሰጡ ቤተሰብን መበተን ርዳታ አይባልም። ችግረኛን ማስተናገድ ሥራው የሆነ ሰው ሁሉ አንድ ቀን በዚያ ደረጃ ላይ ቢወጣና ቢወርድ ደስ ይለኛል። የዚያን ያህል ባያሳዝንም፣ ብራምሊ የተባለው ለመጋገሪያ የሚሆን ጎምዛዛ ፖም የተገኘው ከዚህችው ከሳውዝዌል ነው።

ወደ ላክስተን ስትመለሱ ከመንደሩ አጠገብ ቤት ሻሎም በሚል የዕብራይስጥ ስም የተከፈተ ቦታ ታገኛላችሁ። በእርሻ መካከል ይህ ስም ከየት መጣ? እስጢፋኖስና ጄምስ ስሚዝ የተባሉ ወንድማማቾች፣ ክርስቲያኖች ናቸው፣ በ1991 ኢየሩሳሌም መጥተው ያድ ቫሼምን አዩ። በአገራቸው እንዲህ ያለ ቦታ አለመኖሩ አሳሰባቸውና ከወላጆቻቸው ጋር ሆነው በ1995 የሾአ መታሰቢያ ማዕከል ከፈቱ። በአትክልቱ ቦታ ነጫጭ ጽጌረዳዎች ተተክለዋል፤ ከሾአ የተረፉ ሰዎችና ቤተሰቦች በሟቾቻቸው ስም ያስተከሏቸው ናቸው። ለሕፃናት የተዘጋጀው ክፍል በ1938 እና በ1939 ያለ ወላጅ ወደ እንግሊዝ ከተላኩት 10,000 ያህል ልጆች የአንዱን ዓይነት ታሪክ ይናገራል። በ1984 እና በ1985 በሱዳን በኩል ያለ እናት ያለ አባት የመጡ ልጆች በቤታችሁ ካሉ፣ ወደዚያ ክፍል ከመግባታችሁ በፊት አስቡበት፤ ሐዘን ይቀሰቅሳል። አብራችኋቸው ግቡ።

ማዕከሉ በየትኞቹ ቀናት እንደሚከፈት አስቀድማችሁ ደውላችሁ ጠይቁ። የዳኞቹን ቀን ለማየት የምትሄዱ ደግሞ ወፍራም ልብስና ጭቃ የሚችል ቦቲ ጫማ ያዙ፤ የላክስተን አፈር ከባድ ነው፣ ዝናብ ከነካው እግር አይለቅም። ዳኞቹ በትራክተር በሚጎተት ጋሪ ተሳፍረው ወደ ማሳው ይሄዳሉ፤ እናንተ በዳር ባለው መንገድ ትከተላላችሁ።