ውጤት በሚለቀቅበት ቀን ድረገጹ ለምን ይጨናነቃል?

“የ12ኛ ክፍል ውጤት ተለቀቀ” ሲባል ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። ከአየር ጤና እስከ አጠና ተራ፣ ከዓለም ባንክ እስከ ቤቴል ያለ ተማሪ ሁሉ ስልኩን ያወጣና መለያ ቁጥሩን ይጽፋል። ገጹ ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል፣ ከዚያ “ስህተት” ይላል። ሁላችንም ኔትወርኩን እንወቅሳለን። አንዳንዴ ግን መጨናነቁ ያለው ከኔትወርኩ ማዶ፣ በድረገጹና በመረጃ ቋቱ መካከል ነው።

ድረገጹ በፒኤችፒ ተጽፏል እንበል። ይህ ቋንቋ በ1995 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የቀረበ ሲሆን አንድ ልዩ ጠባይ አለው፦ ይረሳል። ጥያቄ ሲመጣ ይነሳል፣ መልስ ይሰጣል፣ ከዚያ የያዘውን ሁሉ ጥሎ ያበቃል። ከመረጃ ቋቱ ጋር የነበረው ግንኙነትም አብሮ ይዘጋል።

ታዲያ ምን ችግር አለው? የወረዳ ጽሕፈት ቤትን አስቡት። በር ላይ ፍተሻ አለ፣ መታወቂያ ይታያል፣ ከዚያ ትገባላችሁ። ለአንዲት ማኅተም ገብታችሁ ስትወጡ “ፎቶ ኮፒ ቀርቷል” ብትባሉ ፍተሻው እንደገና ከሀ ይጀምራል። ኮምፒውተሮችም እንደዚሁ ናቸው። መጀመሪያ “አለህ?” “አለሁ” ይባባላሉ፣ ቀጥሎ ስምና የይለፍ ቃል ይጣራል፣ ምስጠራ ካለ ደግሞ ሌላ ምልልስ ይጨመራል። “የዚህ ተማሪ ውጤት ስንት ነው?” የሚለው ጥያቄ ግን አንድ ምልልስ ብቻ ነው። ሰላምታው ከጉዳዩ ይረዝማል ማለት ነው!

መፍትሔው ዘላቂ ግንኙነት ይባላል። ሰርቨሩ ላይ ጥያቄ የሚያስተናግዱ “ሠራተኞች” አሉ። ፕሮግራሙ ቢያበቃም ሠራተኛው በሩን ሳይዘጋ ይቆያል፤ ቀጣዩ ተማሪ ሲመጣ ፍተሻ የለም፣ በተከፈተው በር ቀጥታ መግባት ነው። ፒዲኦ በተባለው የፒኤችፒ መሣሪያ ይህን ለማዘዝ ግንኙነቱ ሲከፈት አንድ ምርጫ ማብራት ይበቃል።

እሺ፣ ሁሉም ሰው ለምን አያበራውም? ወንበር ስለሚያልቅ ነው። ማይኤስኪውኤል የተባለው የመረጃ ቋት ካልተቀየረ በቀር በአንድ ጊዜ የሚቀበለው 151 ግንኙነት ነው። 4 ሰርቨሮች እያንዳንዳቸው 50 ሠራተኛ ቢኖራቸው 200 ይሆናሉ። በተለመደው አሠራር ሠራተኛው ጉዳዩን ጨርሶ ወንበሩን ይለቃል። በዘላቂው ግን ሥራ ባይኖረውም እንደተቀመጠ ነው። ወንበር ያጣው ሠራተኛ ጋ የደረሰ ተማሪ “ግንኙነት በዝቷል” የሚል ስህተት ይጠብቀዋል። ለማፋጠን የተደረገው ነገር በር ዘጋ!

ሌላም አለ። የቀደመው ባለጉዳይ አንድ ሠንጠረዥ ቆልፎ ሳይከፍት ከሄደ ቁልፉ ከግንኙነቱ ጋር ሊቆይ ይችላል። የሚቀጥሉት በሌላ ሰው ጥፋት ይጠብቃሉ።

ስለዚህ መጀመሪያ ቆጥሩ፦ የሠራተኞቹ ድምር ከወንበሮቹ ማነስ አለበት። ውጤት ደግሞ አንዴ ከወጣ ብዙም ስለማይቀየር ቀድሞ አዘጋጅቶ ማስቀመጥ የመረጃ ቋቱን ጨርሶ ያሳርፈዋል።

ላፕቶፕ ካላችሁ ራሳችሁ ሞክሩት። አንድ ጊዜ ግንኙነት ከፍታችሁ 1,000 ጥያቄ ጠይቁ፤ ከዚያ ለእያንዳንዱ ጥያቄ እየከፈታችሁና እየዘጋችሁ ድገሙት። ሰዓቱን ያዙ። ልዩነቱ፣ የመረጃ ቋቱ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲሆን ይበልጥ ይታያችኋል።