ሁለተኛው አብራሪ ለምን ያስፈልጋል?



ውድ የጀመዓችን አንባቢያን፣ ከቦሌ ተነስቶ በደብረ ብርሃን ሰማይ ላይ ወደ ሰሜን የሚያልፍ የመንገደኞች አውሮፕላን ከፊት ሁለት አብራሪዎች አሉት። የአንበጣ መንጋ ሲመጣ ፀረ ተባይ የሚረጩት ትናንሽ አውሮፕላኖች ግን ብዙውን ጊዜ በአንድ ሰው ብቻ ይበራሉ። ሁለቱም አየር ላይ ናቸው፤ ሁለቱም መውደቅ ይችላሉ። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ?

ብዙዎቻችን ሁለተኛው አብራሪ እንደ መለዋወጫ ጎማ ይመስለናል፤ አንዱ ቢታመም ሌላው እንዲያሳርፍ። ይህ እውነት ነው፤ ግን የምክንያቱ ግማሽ እንኳ አይሆንም።

በመጀመሪያ የሚታየው የሥራው ክብደት ነው። አንድ አውሮፕላን ፈቃድ ከማግኘቱ በፊት ባለሙያዎች ይመዝኑታል፤ አንድ ሰው ከወንበሩ ሳይነሳ መሪውን ይዞ፣ አቅጣጫ እየተከታተለ፣ በራዲዮ እየተነጋገረ፣ ሞተር ቢበላሽ ደግሞ ያንን እያስተካከለ ሊዘልቅ ይችላል? ከቻለ አንድ አብራሪ ይበቃል። በአገራችን ወደ ትናንሽ ማረፊያዎች የሚበረው ሴስና ካራቫን ከዚህ ወገን ነው።

ቀጥሎ የሚታየው የተሳፋሪው ብዛት ነው። ለምሳሌ በአሜሪካ ሕግ ለኪራይ የሚበር አውሮፕላን የመንገደኛ መቀመጫው 10 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ረዳት አብራሪ ግድ ነው። ሱ-27 ተዋጊ ጄት ከካራቫን እጅግ የተወሳሰበ ቢሆንም በአንድ ሰው ይበራል። ከኋላው መንገደኛ የለም፤ አብራሪውም ጭንቅ ሲመጣ ከነወንበሩ ተስፈንጥሮ በጃንጥላ መውረድ ይችላል። ለሐጅ ወደ ጂዳ የሚሄዱ እናትና አባቶቻችን ግን ጃንጥላ የላቸውም።

ማሽኑ እየተሻሻለ ሲሄድ የሰው ቁጥር መቀነሱ አልቀረም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 727 ሲያበር ከፊት የሚቀመጡት 3 ነበሩ፤ ዋና አብራሪ፣ ረዳት አብራሪና የበረራ መሐንዲስ። በ1976 ዓ.ም. የገባው ቦይንግ 767 የሞተሩንና የነዳጁን ክትትል ለኮምፒውተር ስለሰጠ መሐንዲሱ አላስፈለገም። ሁለቱ አብራሪዎች ግን ዛሬም እንዳሉ ናቸው። አሁን አምራቾች ወደ አንድ ለማውረድ ያጠናሉ፤ የአብራሪዎች ማኅበራት ደግሞ አጥብቀው ይቃወማሉ። ክርክሩ የሚነሳው ከሁለተኛው ሰው ዋና ሥራ ነው።

በበረራ ላይ አንዱ ያበራል፣ ሌላው ይከታተላል። በሚቀጥለው ጉዞ ሊቀያየሩ ይችላሉ። የሚከታተለው ሰው ከፍታውንና ፍጥነቱን ያያል፣ ዝርዝሩን ያነባል፣ ስህተት ሲያይ ይናገራል። ዋናው ግዴታው መናገር ነው። የአየር ጉዞ ዓለም ይህን የተማረው በብዙ ደም ነው። መጋቢት 18 ቀን 1969 ዓ.ም. በቴኔሪፍ ደሴት ሁለት ቦይንግ 747 ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞቱ። ለመነሳት የተንደረደረው አውሮፕላን የበረራ መሐንዲስ፣ ሌላው አውሮፕላን ከመንገዱ መውጣቱን ተጠራጥሮ ጠይቆ ነበር። የተከበረው ካፒቴን ጥያቄውን በአንድ ቃል አለፈው። ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ የተሰማው ግን የአንዱ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ አብራሪዎች መብረርን ብቻ ሳይሆን መናገርንና መስማትንም ይማራሉ።

ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ኢማም በሶላት ሲሳሳት ከኋላው ያለው ዝም አይልም፤ «ሱብሐነላህ» ይላል። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲሥ፣ ነቢዩ ሙሐመድ (ሶ.ዐ.ወ.) ባለ 4 ረከዓ ሶላት ሲያሰግዱ በ2 ረከዓ አሰላመቱ። ከሰጋጆቹ መካከል አቡበክርና ዑመር (ረ.ዐ.) ነበሩ፤ ከአክብሮት የተነሳ ለመናገር ፈሩ። ዙልየደይን የተባለው ሰሓባ ግን ሶላቱ አጥሮ ነው ወይስ ረስተው እንደሆነ ጠየቃቸው። ነቢዩም ሌሎቹን ጠይቀው ካረጋገጡ በኋላ የጎደለውን ሞሉ፤ የመርሳትንም ሱጁድ አደረጉ። መናገሩ ድፍረት፣ መስማቱም ውርደት አልሆነም።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በቢሾፍቱ አቅራቢያ 157 ሰዎች ያለቁበትን የበረራ ቁጥር 302 ሁላችንም እናስታውሳለን። ዋና አብራሪው ያሬድ ጌታቸው ከ8 ሺህ ሰዓት በላይ በርሯል፤ ረዳቱ አሕመድኑር መሐመድ 361 ሰዓት ነበረው። የመጀመሪያ ደረጃ የምርመራ ሪፖርቱ እንደሚያሳየው፣ አፍንጫውን ወደ ታች የሚደፋው ሥርዓት ኃይሉ እንዲቋረጥ የጠራው ወጣቱ ረዳት ነበር። ዋናው አብራሪም ሰማው፣ ተስማማ። ኋላም አብረው መሪውን እንዲስቡ ጠየቀው። ሁለቱ እንደሚገባ ተነጋገሩ፤ ጥፋቱ የነበረው ግን ማሽኑ ውስጥ ነው። ቦይንግ 737 ማክስ የክንፉን ከነፋሱ ጋር ያለ ማዕዘን የሚለኩ ሁለት ሴንሰሮች ነበሩት፤ ኤምካስ የተባለው ሶፍትዌር ግን በአንድ በረራ አንዱን ብቻ ያዳምጥ ነበር። ያ አንዱ ሲሳሳት «ቆይ» የሚለው ሁለተኛ አልነበረም። አውሮፕላኑ ተመልሶ እንዲበር የተፈቀደው ሶፍትዌሩ ሁለቱን እንዲያነጻጽር፣ ካልተስማሙም እንዲያቆም ከተደረገ በኋላ ነው።

በመካከላችሁ ነገ ማሽን የሚነድፉ፣ መድኃኒት የሚያዙ፣ ሒሳብ የሚመረምሩ አላችሁ። በአንድ ምስክር ብቻ የቆመ ሥራ ስታዩ ጠይቁ። ታናሽ ሆናችሁ ስህተት ስታዩ በአደብ ተናገሩ። ታላቅ ስትሆኑ ደግሞ ስሙ። ሁለት ሰው አጠገብ ለአጠገብ ቢቀመጥም አንዱ ካልተናገረ ወይም ሌላው ካልሰማ ያው አንድ ነው።

አላህ ለተጎጂ ቤተሰቦች ሶብሩን ይስጥ፤ መንገደኞቻችንንም በሰላም ያድርስ። አሚን።