ከመለዋወጫ በፊት ምርመራ

ማለዳ ቁልፍ ሲያዞር ሞተሩ አልነሣ ያለው ባለመኪና፣ ችኮላው ልቡናውን ስለሚያውከው፣ ምክንያቱን ሳይመረምር ወደ መለዋወጫ ሱቅ መሮጡ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን አብዛኛው ብልሽት የራሱን ምልክት ይሰጣልና፣ ምልክቱን በትዕግሥትና በሥርዓት የሚመረምር ሰው ገንዘቡን ከከንቱ ወጪ ያድናል።

የመጀመሪያው ምስክር ድምፅ ነው። ቁልፉ ሲዞር «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» የሚል ተደጋጋሚ ድምፅ ተሰምቶ የዳሽቦርዱ መብራት ቢደበዝዝ፣ ባትሪው ደክሟል ወይም ተርሚናሉ ላልቷል፤ አንድ ጊዜ ብቻ «ጠቅ» ብሎ ዝም ሲልና መብራቱ እንደ ደመቀ ሲቆይ ግን ጥርጣሬው ወደ ሞተሪኖው ያዘነብላል። ሞተሪኖው በደኅና እያዞረው ሞተሩ እንቢ ካለ ደግሞ፣ የቤንዚን መኪና እንደሆነ፣ ነዳጅ መድረሱንና ካንዴላው እሳት መስጠቱን ማየት ይገባል።

ከድምፅ ቀጥሎ ልኬት ይመጣል። በሚገባ የተሞላ ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ ሲያድር 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ወደ 12 ከወረደ ኃይሉ ሊያልቅ ተቃርቧል። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ልኬቱ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት መድረስ ሲገባው ከ12.6 ሳያልፍ ቢቀር፣ ዲናሞው ወይም ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ ይመርመር፤ ይህን ሳይለይ አዲስ ባትሪ የገዛ ሰው አዲሱም ሲደክምበት ያያልና። በተርሚናሉ ላይ የበቀለውን ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት ለመጥረግ አስቀድሞ ኔጋቲቩን መፍታት፣ ሲመልሱም እርሱን በመጨረሻ ማሰር ግዴታ ነው፤ አለዚያ መፍቻው የመኪናውን አካል ቢነካ ብርቱ ብልጭታ ይወጣል።

የሞተር ሙቀት ነገር ደግሞ በደጋ አገር የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ፣ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የራዲያተር ክዳን ግፊቱን አፍኖ ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ ስለሚያደርግ፣ ጎማው ያረጀ ክዳን ብቻውን ሞተር ሊያፈላ ይችላል። ስለዚህ «ቴስታታው ይፈታ» ከመባሉ በፊት የውሃው መጠን፣ የሚያፈስ ቱቦ፣ የአየር ማራገቢያውና ክዳኑ በተራ ይታዩ፤ ነገር ግን ክዳኑ ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ፈጽሞ አይከፈት፤ ታፍኖ የነበረው ውሃ ፈንድቶ ፊትና እጅ ያቃጥላልና።

እንግዲህ ወደ ጋራዥ የሚሄድ ባለመኪና «ባትሪ ቀይርልኝ» ብሎ ከማዘዝ ይልቅ፣ ብልሽቱ መቼ እንደ ጀመረ፣ ምን ድምፅ እንዳሰማ፣ በብርድ ይሁን በሙቀት እንደሚብስ ለመካኒኩ አጣርቶ ይንገረው፤ መካኒኩም መፍቻ ከማንሣቱ በፊት ሰምቶና ለክቶ ይፍረድ።