ሳይጮኽ የሚደርስ ውሻ

ግቢ እንዲጠብቅልን ውሻ ስናሳድግ ከሁሉ አስቀድመን የምንፈልገው ጩኸቱን ነው። በሩ ተንኳኩቶ ዝም ካለ «ይሄ ደግሞ ምን ሊሠራ ነው የሚበላው?» እንላለን። የእንግሊዝ የደን ጠባቂዎች ግን ከ150 ዓመት በፊት የፈለጉት የዚህን ተቃራኒ ነበር፦ ሰው ሲያይ ድምፁን የማያሰማ፣ በጨለማ ተወርውሮ መሬት ላይ የሚጥል፣ ከጣለ በኋላ ግን ሳይዘነጥል ይዞ የሚቆይ ውሻ። ያ ውሻ ቡልማስቲፍ ነው። መልኩም ጠባዩም ከዚያ የሌሊት ሥራ የተቀዳ ስለሆነ፣ ሥራውን ካወቃችሁ ውሻውን አወቃችሁት ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አጋዘን፣ ጥንቸልና ፌዛንት የሚባለውን ወፍ ማደን በአብዛኛው የባለርስቶች መብት ነበር። የራበው ገበሬም፣ ሥጋውን ገበያ አውጥቶ የሚሸጠውም ሌሊት ሌሊት ወደ ደኑ ሾልኮ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1828 የወጣው የሌሊት አደን ሕግ ቅጣቱን አከበደው፤ ለሦስተኛ ጊዜ የተያዘ ሰው ሰባት ዓመት ባሕር ማዶ ሊጋዝ ይችል ነበር። እንዲህ ያለ ፍርድ የሚጠብቀው ሰው እጁን በሰላም ይሰጣል? አይሰጥም። ጠባቂውን ደብድቦ ወይም ተኩሶ ማምለጥን ይመርጣል። ስለዚህ ጠባቂው ከጎኑ ኃይለኛ ረዳት አስፈለገው። ቢሆንም የሚፈልገው ሌባውን በሕይወት ይዞ ዳኛ ፊት ማቆም ነው እንጂ ሬሳ መሸከም አይደለም።

በእጁ የነበሩት ሁለት ዓይነት ውሾች ናቸው። አንዱ ጥንታዊው የእንግሊዝ ማስቲፍ ነው፤ ግዙፍ፣ ደፋርና ረጋ ያለ፣ ግን ሯጭ ሰው ላይ ለመድረስ የሚዘገይ። ሌላው ቡልዶግ ነው። ዛሬ የምናየውን አጭርና ቁና ቁና የሚተነፍስ ቡልዶግ እርሱት፤ የያኔው ቀልጣፋና ቁጡ ነበር፣ በ1835 በሕግ እስኪከለከል ድረስም ከበሬ ጋር ያታግሉት ነበር። የነከሰውን አይለቅም፤ ሰው ለመጣል ግን ቁመቱ ያንሳል፣ ቁጣውም ልክ የለውም። ጠባቂዎቹ ሁለቱን አዳቀሉ።

ከሁሉ የሚገርመኝ የድቀላው ሒሳብ ነው። ሞዝሊ የተባለ እንግሊዛዊ አርቢ የተከተለው መንገድ ይህ ነበር። ማስቲፍና ቡልዶግ ሲዳቀሉ የሚወለደው ግማሽ በግማሽ ነው። ከእነዚያ አንዷን እንደገና ከማስቲፍ ጋር ብታዳቅሉ ልጆቹ ሦስት አራተኛ ማስቲፍ ይሆናሉ። እነዚህን ደግሞ ከግማሽ በግማሹ ጋር ስታገናኙ 62.5 በመቶ ማስቲፍ፣ 37.5 በመቶ ቡልዶግ የሆነ ቡችላ ታገኛላችሁ። ሰዎች «ስድሳ አርባ» የሚሉት ይህንን ነው። የእንግሊዝ የውሻ አርቢዎች ማኅበር፣ ማለትም ኬኔል ክለብ፣ በ1924 ራሱን የቻለ ዝርያ ነው ብሎ መዘገበው።

ከዚያ በፊትም ቢሆን ችሎታው በአደባባይ ተፈትኗል። በ1901 በርተን የተባለ አርቢ ውሻውን ወደ ትርኢት ይዞ መጣና፣ አፉ ታስሮም እንኳ ከዚህ ውሻ ላመለጠ ሰው አንድ ፓውንድ እሰጣለሁ አለ። ውሻ የሚያውቅ አንድ ደፋር ተነሳ። ቀድሞ እንዲሮጥ ሰፊ ርቀት ተሰጠው፤ ውሻው ግን ደርሶ በመጀመሪያው ዝላይ ዘረረው። መንከስ ሳይችል በክብደቱ ብቻ!

አሁን መልኩን እንመልከት። ወንዱ ትከሻው ድረስ ከ64 እስከ 69 ሴንቲ ሜትር ይቆማል፤ ከ50 እስከ 59 ኪሎም ይመዝናል። ሴቷ ትንሽ ታንሳለች። ጭንቅላቱ አራት ማዕዘን ነው፤ አፉ አጭርና ሰፊ፣ ፊቱም ጥቁር ጭምብል ያጠለቀ ይመስላል። ቀለሙ ቀይ፣ ቡላ ወይም ዝንጉርጉር ነው። ጠባቂዎቹ ዝንጉርጉሩን ያስበልጡ ነበር፤ በጨለማ ከዛፉ ጥላ አይለይማ! ውሻው ከደን ወጥቶ ወደ ቤት ሲገባ ግን ቡላው ተወደደ። ከእናንተም ብዙዎቻችሁ ሳታውቁት አይታችሁታል፤ በ1976 በወጣው «ሮኪ» ፊልም ከሲልቨስተር ስታሎን ጋር የሚታየው በትከስ የተዋናዩ የራሱ ቡልማስቲፍ ነበር።

የዛሬው ቡልማስቲፍ የሌሊት ሥራውን ትቷል፤ ጠባዩን ግን አልተወም። እምብዛም አይጮኽም። ለቤተሰቡ ታማኝ ነው፤ ሰው እግር ሥር ጋደም ማለት ይወዳል። ጠባቂው ከመድረሱ በፊት ብቻውን እንዲወስን ተደርጎ ስለተዳቀለም እልኸኛ ነው፤ «ና» ሲባል አስቦበት የሚመጣ ዓይነት። ስለዚህ ሥልጠናው ገና በቡችላነቱ መጀመር አለበት፤ 50 ኪሎ ከሆነ በኋላ በገመድ ጎትቶ የሚመልሰው የለም። ከእንግዳ ሰውና ከሌሎች ውሾች ጋርም በልጅነቱ መላመድ አለበት።

ግዝፈቱ ዋጋ አለው። ዕድሜው ብዙውን ጊዜ ከአሥር ዓመት አያልፍም። የዳሌ መገጣጠሚያ ችግርና ካንሰር ያጠቁታል። ጨጓራው በአየር ተነፍቶ ሊጠማዘዝም ይችላል፤ ያኔ በፍጥነት ሐኪም ጋ ካልደረሰ ይሞታል። አፉ አጭር በመሆኑ ሙቀት ይከብደዋል። ለሃጩ ደግሞ ልብስም ወንበርም አይምርም፤ ፎጣ ከእጃችሁ አይለይ።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ቡልማስቲፍ ጊዜ ላለውና ከውሻው ጋር ቤቱን ለሚጋራ ሰው ድንቅ ጓደኛ ነው፤ ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት ታስሮ እንዲውል ለሚፈልገው ግን አይሆንም። ልትገዙ ካሰባችሁ ወላጆቹን ሳታዩ፣ የዳሌያቸውንም ምርመራ ሳትጠይቁ ገንዘብ አትክፈሉ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ወይም በሌላ ሞቃት ቦታ የምትኖሩ ከሆነ ደግሞ ቀዝቃዛ ክፍል ልታዘጋጁለት ካልቻላችሁ ሐሳቡን ተዉት።