አሮጌ ሎደር ለቤት ሥራ

በመንገድ ሥራ ላይ ሎደር ያየ ሰው ብዙ ነው። አፈር በአካፋው ዝቆ መኪና ላይ የሚጭነው ትልቁ ማሽን ነው። ዛሬ የምንጽፈው ስለ ታናሽ ወንድሙ ነው።

ይህ ትንሽ ሎደር የሚይዘው አንድ ሰው ብቻ ነው። መሪ የለውም። ነጂው በግራና በቀኝ እጁ ሁለት ዘንጎች ይዞ ይነዳዋል። በብዙዎቹ አሮጌ ሎደሮች ክንዱና አካፋው የሚታዘዙት በእግር መርገጫ ነው። የግራ ጎማዎች ወደ ፊት፣ የቀኝ ጎማዎች ወደ ኋላ ሲሄዱ በቆመበት ይዞራል። በእንግሊዝኛ ስኪድ ስቲር ይሉታል። እየተንሸራተተ የሚዞር እንደ ማለት ነው።

ይህን ማሽን የወለደው ኩስ ነው ብንል አልዋሸንም። በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ ግዛት፣ ሮትሴ በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ተርኪ የሚባለውን ትልቅ ዶሮ የሚያረባ ገበሬ ነበረ። የዶሮዎቹ ቤት ባለ ፎቅ ነው፤ ምሰሶውም ብዙ ነው። ትራክተር ገብቶ ኩሱን ሊጠርግ አልቻለም። ሉዊስ ኬለርና ሲረል ኬለር የተባሉ ወንድማማቾች የብረት ሥራ ቤት ነበራቸው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1957 ባለ ሦስት ጎማ ትንሽ ሎደር ሠሩለት። በኋላም ሜልሮ የተባለው ፋብሪካ ሥራውን ወሰደና በ1960 ባለ አራት ጎማ አደረገው። በ1962 ቦብካት የሚል ስም ወጣለት። ቦብካት በዚያ አገር ያለ የዱር ድመት ነው።

ዛሬ በአሜሪካ ገጠር ትንሽ መሬት ያላቸው ሰዎች አሮጌውን ሎደር ይገዛሉ። ከአዲሱ በብዙ ይረክሳል። በረዶ ይጠርጉበታል፤ እበት ያወጡበታል፤ ጠጠር ያለብሱበታል። ይህ ሁሉ ተደምሮ ግን በዓመት ጥቂት ቀን ነው። ታዲያ ያዋጣል ወይ?

በሬ የሚገዛ ሰው ጥርሱን ያያል። የሎደር ጥርስ ሰዓት ቆጣሪው ነው። ዕድሜው የሚቆጠረው በሠራበት ሰዓት ነውና። ነገር ግን ቆጣሪው ቆሞ ወይም ተለውጦ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አካፋው ከክንዱ፣ ክንዱም ከአካሉ የሚጋጠምበትን ቦታ ማወዛወዝ ያስፈልጋል። ብዙ የሠራ ማሽን እዚያ ላይ ይላላል። የእግር መርገጫው አልቆ ከተገኘ ቆጣሪው ያለውን አንመነውም። ሞተሩም ሳይነሳ በፊት በእጅ ይነካ። ትኩስ ከሆነ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆታል ማለት ነው። ለምን አሞቀው? ቀዝቅዞ አልነሳ ይል ይሆናላ!

በዓመት ጥቂት ቀን የሚሠራ ማሽን ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በመቆም ነው። ባትሪው ቆሞም ኃይሉን ያጣል። ቤንዚን ወራት ሲቆይ ይበላሻል፤ በካርቡራተሩ ውስጥ ሙጫ የመሰለ ነገር ትቶ ቀዳዳውን ይደፍናል። የናፍጣ ጋን ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል። የጎማ ቱቦዎች በፀሐይ ይሰነጠቃሉ። አይጥ ደግሞ ጎጆዋን ሠርታ የኤሌክትሪኩን ሽቦ ትበላለች። የመስኖ ፓምፕ ያለው ገበሬ ይህን ከእኛ የበለጠ ያውቃል። ክረምቱን ሙሉ ቤንዚን በሆዱ ይዞ የቆመ ፓምፕ በጥቅምት ገመዱ ቢሳብ ቢሳብ አልነሳም ይላል።

መድኃኒቱ ማሽኑን ከፀሐይና ከዝናብ ማስጠለል፣ የባትሪውን ሽቦ መንቀል፣ በወር አንድ ጊዜም አስነስቶ ሞተሩ በደንብ እስኪግል ማሠራት ነው። ሁለት ደቂቃ አስነስቶ ማጥፋት አይጠቅምም፤ ይጎዳል እንጂ። ሞተሩ ካልጋለ በውስጡ ያለው እርጥበት አይወጣም።

እኛ እንደሚመስለን፣ መጠለያ ያለውና ራሱ መፍቻ ይዞ የሚጠግን ሰው ቢገዛ ያዋጣዋል። ሁለት ቀን ብቻ የሚፈልግ ሰው ግን ቢከራይ ይሻለዋል። ከጎረቤት ጋር መግዛትም አለ። ይህ የኛው አገር መቀናጆ ነው። ግን ቱቦው በአንደኛው እጅ ላይ እያለ ቢፈነዳ የሚከፍለው ማን ነው? ይህ ነገር ከመግዛት በፊት በወረቀት ላይ ቢሰፍር ጠብ ይቀንሳል።

ከገንዘቡ በላይ የሚያሳስበን ግን ሌላ ነው። የሎደሩ ክንዶች በነጂው ግራና ቀኝ ያልፋሉ። መግቢያው ከፊት ነው። ስለዚህ ነጂው ሲገባም ሲወጣም በክንዶቹ መሃል ያልፋል። ክንዱን ከፍ አድርጎ የያዘው ደግሞ ዘይት ብቻ ነው። ቱቦ ቢፈነዳ፣ ወይም እግር ሳይታወቀው መርገጫውን ቢነካ፣ ክንዱ ወርዶ ሰውየውን ከማሽኑ ጋር ያጣብቀዋል። ብዙ ሰው በዚህ ሞቷል። የአሜሪካ መንግሥት የሥራ ደኅንነት ምርምር ተቋም በ1998 ስለዚሁ ማስጠንቀቂያ ጽፎ አውጥቷል።

ነጂው ካልተቀመጠ ክንዱን የሚቆልፍ መከላከያ የተሠራው ለዚህ ነው። በአሮጌ ሎደር ላይ ግን የቀድሞው ባለቤት «ሥራ ያስቸግራል» ብሎ ፈትቶት ወይም በሽቦ አስሮት ይገኛል። እኛ ብንሆን ከሞተሩ በፊት የምናየው ይህን ነው። ከተነሳ ክንድ ሥር ለመጠገን የሚገባም ሰው ለዚያ የተሠራውን የብረት ድጋፍ ያስገባ። ግንድና ድንጋይ አይታመኑም።

ዘይት የት እንደሚያፈስ በእጅ እየዳሰሱ መፈለግም ክፉ ልማድ ነው። ከጠባብ ቀዳዳ በግፊት የሚወጣ ዘይት እንደ መርፌ ቆዳ በስቶ ይገባል። ቁስሉ አንዲት ነጥብ ናት። መጀመሪያ ላያምም ይችላል። ውስጡን ግን ያበላሻል፤ እጅ እስከ መቆረጥም ያደርሳል። የሚፈሰውን በካርቶን ቁራጭ መፈለግ ይቻላል። ዘይት የገባበት ሰው እስኪያብጥ ሳይጠብቅ ያኑ ሰዓት ሐኪም ቤት ይሂድ። ለሐኪሙም «የማሽን ዘይት በግፊት እጄ ውስጥ ገብቷል» ብሎ ይንገር።